የድሮ ስፒከር ይዞ ካምፕ መውጣት፦ ጥያቄና መልስ

የድሮ ስፒከር ስለመግዛትና ይዞ ካምፕ ስለመውጣት የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልገዛ ስሄድ መጀመሪያ ምኑን ልይ?

መልስ፦ ጠርዙን። የወፈሩን (ቤዙን የሚያወጣውን ትልቁን ክብ) ኮን፣ ማለትም የሚርገበገበውን ሾጣጣ፣ ከብረቱ ጋር የሚያገናኘውን ለስላሳ ቀለበት ማለቴ ነው። ከስፖንጅ፣ ከጎማ ወይም ከጨርቅ ይሠራል። ስፖንጁ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ዓመት ውስጥ ይበሰብሳል። ቢጫወትም ተሸፍኖ ቢቀመጥም ያው ነው። የፊቱን መሸፈኛ አንሳና በጣትህ ጫፍ ነካ አድርገው። ከተጣበቀብህ ወይም ከተፈረፈረ አልቆለታል። ጎማና ጨርቅ ግን ረጅም ዕድሜ አላቸው። የ1960ዎቹ የጨርቅ ጠርዝ ዛሬም ደህና ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ አራት ጣትህን በኮኑ ዙሪያ እኩል አሳርፍና በስሱ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገህ ልቀቀው። ያለ ድምፅ ገብቶ ያለ ድምፅ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ከውስጥ የመፋቅ ድምፅ ከሰማህ ግን ኮይሉ (ከኮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል) ማግኔቱን እየነካ ነው። ሻጩ ዋጋ ቢቀንስልህም እለፈው። የበሰበሰ ጠርዝ ይቀየራል፤ የተቃጠለ ወይም የተጣመመ ኮይል ግን ራስ ምታት ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ ጋ የሚያጫውትበት ነገር የለም። በምን ልፈትሸው?

መልስ፦ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይና ቴስተር ያዝ። የድንጋዩን ፖዘቲቭ ከቀዩ፣ ኔጋቲቩን ከጥቁሩ ማሰሪያ ጋር ለቅጽበት ብቻ አነካካ። ጧ ይልና ኮኑ ወደ ፊት ይወጣል። የድሮ ጄቢኤል ስፒከሮች ተቃራኒ ስለሆኑ ወደ ኋላ ቢገባ አትደንግጥ። ዋናው ነገር ሁለቱም ስፒከሮች ወደ አንድ አቅጣጫ መሄዳቸው ነው። 8 ኦም የተባለ ስፒከር በቴስተር ሲለካ ከ5.5 እስከ 7 ገደማ ያሳያል (ኦም ስፒከሩ ለከረንት የሚያሳየው እንቅፋት ነው፤ ሲያንስ ብዙ ከረንት ይስባል)። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ የሆነ ቦታ ተቆርጧል።

ይህ ሁሉ ግን ስለ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ ስለሚያወጣው ትንሹ ክብ) አይነግርህም። በመንገዱ ላይ ያለው ካፓሲተር የሚባል ዕቃ የድንጋዩን ከረንት ያግድበታል። ስለዚህ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ብትይዝ ይመረጣል። ከስልክህ ዘፈን ክፈትና ጆሮህን ወደ እያንዳንዱ ትዊተር አስጠጋ። አንደኛው ከሌላው ቢደክም ወይም ጭራሽ ዝም ቢል፣ ከኋላ የድምፅ ማስተካከያ ቁልፍ ካለው እሱን ወዲህና ወዲያ አዙር። ውስጡ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ድምፁ እየተንኮሻኮሸ ከተመለሰ ትዊተሩ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የቁልፉ ነው።

ጥያቄ፦ ኤአር-3ኤ የሚባለውን የድሮ ስፒከር አግኝቻለሁ። ካምፕ ይዤው ብወጣስ?

መልስ፦ ግዢው፣ ግን ቤት ይቀመጥ እህቴ። ከኤአር ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ኤድጋር ቪልቸር በ1954 በኤአር-1 ስፒከር ያመጣው ሐሳብ ትልቅ ነበር። ሳጥኑን አየር እንዳያስወጣ አድርጎ ዘጋው፤ ውስጡ የታፈነው አየርም ለወፈሩ ስፕሪንግ ሆነለት። ከትንሽ ሳጥን ጥልቅ ቤዝ ወጣ። በምትኩ ስፒከሩ ብዙ ዋት ይጠይቃል። በ1967 የወጣው 3ኤ ደግሞ 4 ኦም ነው፤ ከ20 ኪሎ በላይም ይመዝናል። በባትሪ ለሚኖር ሰው ይከብዳል።

ደጅ ላይ ከስም ይልቅ ሴንሲቲቪቲ የሚባለውን ቁጥር እዩ። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ይናገራል። ከ1957 ጀምሮ የሚሠራው ክሊፕሽ ሄረሲ የሚባለው ስፒከር 96 አካባቢ ነው። 86 የሆነ ስፒከር እሱን በድምፅ ልድረስበት ቢል አሥር እጥፍ ዋት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው፤ ትልቅ አምፕሊፋየር ይገዛል እንጂ ይህችን ቁጥር አያይም።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ያንቀጠቅጠን የነበረው ስፒከር ደጅ ስናወጣው ለምን ሰለለ?

መልስ፦ ስፒከሩ ምንም አልሆነም። ቤት ውስጥ ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ ድምፁን እየመለሱ ያግዙት ነበር። ደጅ ላይ የሚመልስለት የለም፤ በተለይ ቤዙ ይሸሻል። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ታጣለህ። ከ2 ሜትር ወደ 8 ሜትር ብትርቅ 12 ዴሲቤል ሄደ ማለት ነው። ያንን ለመመለስ 16 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ድምፁን ከመጨመርህ በፊት ወንበርህን አስጠጋ። ሁለት ሜትር ይበቃል።

ሌላው፣ መሬት ላይ አስቀምጠው፤ ጀርባውንም ለትልቅ ቋጥኝ ወይም ለመኪናው ጎን ስጠው። መሬቱና ቋጥኙ ለቤዙ የግድግዳ ሥራ ይሠሩለታል። ግን ትዊተሩ ለቁርጭምጭሚትህ እንዳይዘፍን ከፊት በኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገብተህ ፊቱን ወደ ላይ ቀና አድርገው። አቅጣጫው ጆሮህ ላይ ሲያርፍ ዘፋኙ ወዲያው ጥርት ብሎ ይሰማሃል። በእጅህ ቀስ እያልክ ብታጋድለው ልዩነቱን እዚያው ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ አምፕሊፋየሩን በምን እናስነሳው? ኢንቨርተር ይሻላል?

መልስ፦ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው) ይቅር። ራሱ ኃይል ይበላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጩኸት ያስገባል። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ክላስ ዲ (ኃይል የሚቆጥብ ዓይነት) አምፕሊፋየር ያዙ። ብዙ አትጠብቁ፤ 12 ቮልት ለ8 ኦም ስፒከር ከ9 ዋት ገደማ በላይ በንጽህና አይሰጥም፣ ለ4 ኦም ደግሞ ወደ 18። ግን 88 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በ9 ዋት 97 ይደርሳል። ሁለት ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰው ከበቂ በላይ ነው። 12 ቮልት፣ 20 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ 250 ዋት-ሰዓት አካባቢ ይይዛል። በልክ ካዳመጣችሁ ሁለት ምሽት አያሳጣችሁም። የመኪናውን ባትሪ ግን ተዉት፤ ጠዋት መኪናው እንዲነሳ ትፈልጋላችሁ።

ጥያቄ፦ ብሉቱዝ ስፒከር እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

መልስ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። ደጅ ላይ ሁለት ስፒከር ሜትር ተኩል አራርቀህ መሃል ቁጭ በል። ክፍሉ የሚጨምርበት ነገር ስለሌለ ቅጂው ውስጥ ያለው ብቻ ይመጣል። ድምፃዊው መሃል፣ ጊታሩ ግራ፣ ከበሮው ከኋላ ሆኖ ይሰማሃል። የቤትህ ሳሎን ያንን ሁልጊዜ ያደበዝዘዋል። እኔ የምወደውን ቅጂ በደንብ የሰማሁት ደጅ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

ጥያቄ፦ ጤዛና አቧራስ?

መልስ፦ ዋናው ጠላት ጤዛ ነው። የወረቀት ኮን እርጥበት ይጠጣል፤ የቺፕውድ ሳጥን ደግሞ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ስትተኙ ደጅ አታሳድሩት። ከሥሩ ሸራ ወይም ሳንቃ ይኑር። አሸዋ ላይ የበለጠ ተጠንቀቁ። አሸዋ ውስጥ ያለ የብረት ብናኝ በማግኔቱ ተስቦ ኮይሉ ጋ ከገባ ማውጣቱ መከራ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አትተዉት፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያላላል።

ጥያቄ፦ መኪና ላይ እንዴት ይጫን?

መልስ፦ ቀጥ ብሎ ይቁም። ሁለቱን ፊት ለፊት አድርጋችሁ በመሃላቸው ከስፒከሩ ፊት ሰፋ ያለ ኮምፔንሳቶ አስገቡ። ኮኑንና ትዊተሩን እንዳይነካ መሸፈኛው ከፊት ይኑር። ከዚያ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ እሰሩት።

ጥያቄ፦ አልኒኮ ማግኔት ያለውን ልፈልግ?

መልስ፦ ለካምፕ ብለህ ተጨማሪ አትክፈልበት። አምራቾች ከአልኒኮ (ኮባልት ካለበት ቅይጥ ብረት የሚሠራ ማግኔት) ወደ ፌራይት (ርካሽ የሴራሚክ ማግኔት) በብዛት የዞሩት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ ኮባልት በብዛት በሚወጣበት በዛየር (በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) ሻባ ግዛት በነበረው ጦርነት የተነሳ የኮባልት ዋጋ ናረ። በደንብ የተሠራ የፌራይት ስፒከር ምንም አይጎድለውም።

ጥያቄ፦ ማታ ሌሎች ካምፐሮች ቢኖሩስ?

መልስ፦ ማታ መሬቱ ሲቀዘቅዝና ከላይ ያለው አየር ሞቅ ሲል ድምፁ ወደ መሬት ይታጠፋል። ቀን የማይሰማበት ቦታ ማታ ይደርሳል፤ ቤዙ በተለይ። ስለዚህ ሲመሽ ቤዙን ቀንሱ፣ ሲተኛ ደግሞ ዝጉ። ለመጫወት ብቻ ሳይሆን ለማረፍ የመጣ ሰው አለ፤ ይህን የማያከብር ሰው ስፒከር ይዞ ባይወጣ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ አንተ ብትሆን ዛሬ የትኛውን ትገዛ ነበር?

መልስ፦ ሞዴል አልመርጥም። ወፈሩ 8 ኢንች፣ ጠርዙ ጎማ ወይም ጨርቅ፣ 8 ኦም፣ ሴንሲቲቪቲው ከ89 በላይ፣ አንዱ ከ10 ኪሎ የማይበልጥ። ሳጥኑ ቢጫጫርም ግድ የለኝም፤ እንዲያውም ለዋጋ ድርድር ይጠቅመኛል። ኮኑና ትዊተሩ ግን ፋብሪካው ያስገባቸው መሆን አለባቸው። ካቻቢቴ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሻጩን አስፈቅጄም አንዱን ወፈር ፈትቼ ሁለቱ ማግኔቶች ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን አያለሁ።