የአዲስ–ድሬ ባቡር ተሳፋሪ እንዲያገኝ ከተፈለገ

ጥያቄው «ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው የመንገደኛ ባቡር ሕዝብ የሚተማመንበት አገልግሎት እንዲሆን ምን መደረግ አለበት?» የሚል ነው። ከእኔ በፊት ከመለሱት ብዙዎቹ ፈጣን ባቡር ይገዛ፣ ሌላ ሐዲድ ይዘርጋ ብለዋል። እኔ ለዓመታት እንጀራዬን የበላሁት ከባቡሩ ተፎካካሪ ወገን ሆኜ፣ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት መስኮት ላይ ነው። መልሴም ከዚያ መስኮት የታየ ነው።

መስኮቱ ጋ የሚመጣ የድሬ መንገደኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ አይደለም። «ነገ አለ?» ይላል። አለ ከተባለ «ስንት ሰዓት ይገባል?» ይላል። ነጋዴ ሴት ከሆነች ሦስተኛዋ ጥያቄ «ዕቃዬስ?» ናት፤ ይህን ስትጠይቅ ደግሞ ጎንበስ ብላ እግሯ ሥር ያለውን ጆንያ በእጇ ትነካዋለች። ዋጋ የሚነሳው እነዚህ ሦስቱ ካለቁ በኋላ ነው፤ እሱንም የምትጠይቀው ልትከራከር እንጂ ልትቀር አይደለም።

እንግዲህ ባቡሩን በእነዚህ ጥያቄዎች እንመዝነው። የመጀመሪያው ላይ ገና ከጅምሩ ወድቋል። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ተመርቆ በታህሳስ 2010 መደበኛ ሥራ ሲጀምር፣ የመንገደኛው ባቡር የሚነሳው ቀን እየዘለለ ነበር። «ነገ የለም፣ ከነገ ወዲያ ይምጡ» የተባለ ሰው ከነገ ወዲያ አይመጣም። ለቅሶ ሊደርስ የተነሳ፣ ሐኪም የቀጠረው፣ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ የወጣ ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ባቡሩ መኖሩንም ይረሳዋል። አውቶቡሱ ግን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ በየቀኑ፣ ከዚያው ቦታ ይነሳል። ወንበሩ ቢጠብም፣ ቸርቸርን ሲወጣና ደንገጎን ሲወርድ አንጀት ቢያላውስም፣ መኖሩን ማንም አይጠራጠርም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ማስተካከል የሚቻል ቢሆን፣ በየቀኑ በቁርጥ ሰዓት የሚነሳ አንድ ባቡር እመርጣለሁ። ፉርጎዎቹ ጥቂት ይሁኑ፣ ግማሹ ወንበር ባዶ ይሂድ፤ ዓመት ሙሉ ግን አይቅር።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ ሐዲዱ የመንገደኛ ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድበት ታስቦ የተሠራ ነው። ከአውቶቡስ ጋር ለመፎካከር ይህ ተርፎ ይቀራል። ጊዜው የሚባክነው በሩጫ ላይ ሳይሆን በመቆም ላይ ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ግን ነጠላ ስለሆነ አንዱ ባቡር ሌላውን ለማሳለፍ ጣቢያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ማን ማንን ይጠብቅ የሚለውን የሚወስነው የጉዞ ተቆጣጣሪው ነው። ገቢውን የሚያመጣው ከጅቡቲ ኮንቴይነርና ማዳበሪያ የሚያወጣው የጭነት ባቡር ስለሆነ፣ ሰው የጫነው ቆሞ ዕቃ የጫነው እንዲያልፍ የሚገፋ ፈተና ሁልጊዜ አለ። ይህ በጽሑፍ በተቀመጠ ደንብ መፈታት አለበት፤ የመንገደኛው ባቡር መርሐ ግብር አንዴ ከወጣ በኋላ ጭነቱ በእሱ ዙሪያ ይደርደር። ፍጥነት ለሚያጓጓው ደግሞ ጥር 1977ን አስታውሳለሁ። አዋሽ ላይ ከ400 በላይ ሰው ያለቀው የድሮው ባቡር ጠመዝማዛው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ ነው።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ጣቢያው ነው። የድሮው ምድር ባቡር ድሬዳዋን የወለደ ነው፤ ሐዲዱ ሐረር መውጣት ስላቃተው በ1895 ከተማዋ ጣቢያውን ከብባ በቀለች። አዲስ አበባም ለገሃር መሀል ከተማ ነው። አዲሱ ባቡር አዲስ አበባ ላይ የሚነሳው ከዳር፣ ከለቡ ነው፤ ድሬዳዋም ላይ ከከተማው ውጭ ያወርዳል። የከተማው ቀላል ባቡር እንኳ ቃሊቲ ላይ ያበቃል እንጂ ለቡ አይደርስም። ሰሜን አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ጠዋት ለባቡር ለመድረስ በሌሊት ታክሲ ይኮናተራል፣ ድሬ ደርሶ ደግሞ በባጃጅ ይደራደራል። የትኬቱ ርካሽነት እዚያው ይበላል።

ጣቢያውን ማንሳት አይቻልም፤ ሰውን ወደ ጣቢያው ማምጣት ግን ይቻላል። ኬንያን እዩ። የሞምባሳ–ናይሮቢ ባቡር መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው በግንቦት 2009፣ ከእኛው ጋር በአንድ ሰሞን ነው። ያንንም የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ የናይሮቢው ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሲዮኪማው፣ የሞምባሳውም ሚሪቲኒ ላይ ነው። የእኛ ችግር ነበረባቸው ማለት ነው። እነሱ ግን ከናይሮቢ መሀል ጣቢያ እስከ ሲዮኪማው በሰዓቱ የሚያገናኝ ባቡር አቆሙ፣ ትኬቱን በኤምፔሳ ሸጡ፣ በየቀኑም ሄዱ። ስለ ዕዳቸው ሌላ ቀን እናወራለን፤ የመንገደኛውን ነገር ግን አውቀውበታል። እኛ ጋ ከለገሃር ለቡ፣ ከድሬ ጣቢያም መሀል ከተማ እስካለው ከዚራ ሰፈር የሚመላለስ አውቶቡስ ይበቃል። ዋናው ቁም ነገር የዚህ አውቶቡስ ወንበር ከባቡሩ ትኬት ጋር አብሮ መሸጡ፣ ባቡሩ ቢዘገይም አውቶቡሱ ጥሎ አለመሄዱ ነው። ትኬቱ በቴሌብር ይሸጥ፣ በዚህ ብዙ አልልም፤ አሁን ከዚህ ያነሰ የሚጠብቅ ሰው የለም።

ወደ ጆንያው ልመለስ። በአውቶቡስ ሥራ የድሬን መስመር ያቆየው ዕቃ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ነጋዴዋ ከዕቃዋ ተለይታ አትሄድም፤ ዕቃዋን የማይቀበል መጓጓዣ እሷንም ያጣታል። ባቡር በዚህ አውቶቡስን በቀላሉ ይበልጠዋል። ከመንገደኛው ፉርጎዎች ኋላ አንድ የዕቃ ፉርጎ ይቀጠል፣ ዕቃው ተመዝኖ ደረሰኝ ይሰጥበት፣ ፍተሻውም መነሻው ላይ አንዴ ይለቅ። ገቢዎችንም ነጋዴዎችንም የሚያስማማ ነው። እንዲህ ሲሆን ባቡሩ መቼም የማያጣቸው ተሳፋሪዎች ይኖሩታል፤ እነዚህ ሴቶች ደግሞ ሲረኩ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ያስወራሉ።

ከብትና ግመል ሐዲድ ላይ መገጨቱን ያነሱ አሉ፤ እውነት ነው፣ የሰዓት መዛባት አንዱ ምክንያትም ነው። አጥር ብቻውን አያድንም። የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደር ውኃና ግጦሽ ፍለጋ የሚሻገርበት መንገድ ከሐዲዱ በፊት የነበረ ነው። መሻገሪያው የት ይሁን የሚለውን ከጎሳ መሪዎችና ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ መወሰን፣ ከብት ሲገጭም ካሳውን ሳያንገላቱ መክፈል ይሻላል። ካሳ የሚያጉላላ ድርጅት ሐዲዱን የሚጠብቅለት ሰው አያገኝም።

ከአዲስ አበባ አዳማ የሠራተኛ ባቡር ይጀመር የሚለው ሐሳብ ላይ ግን አልስማማም፤ ቢያንስ አሁን። ከ2007 ጀምሮ የፍጥነት መንገዱ አለ፤ በዚያ አጭር ርቀት ላይ ለቡ ድረስ ደርሶ መልስ የሚል ሰው አይገኝም። ባቡር የሚያሸንፈው መንገዱ ሲረዝም ነው፤ ስለዚህ ጉልበቱ ድሬ ላይ ይዋል።

ገንዘቡስ? የመስመሩ ብድር የሚከፈለው በዶላር ነው፣ መለዋወጫውም በዶላር፤ ተሳፋሪው የሚከፍለው በብር ነው። ትኬት በማስወደድ ይህ ቀዳዳ አይደፈንም። መንግሥት የመንገደኛ ባቡር እንዲኖር ከፈለገ፣ በዓመት ይህን ያህል ጉዞ፣ በዚህ ሰዓት፣ ለዚህ ይህን ያህል እከፍላለሁ ብሎ ከባቡር ድርጅቱ ጋር ውል ይግባ፤ ያልሄደው ባቡር ክፍያው ይቀነስ። መለዋወጫ መግዣ የሚሆን የውጭ ምንዛሪም ለብቻው ይቀመጥ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 በ41 ባቡሮች ተጀምሮ በመለዋወጫ እጦት ስንቱ እንደቆመ አይተናል።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሁን አልልም። መሞከሪያ የሚሆን ጊዜ ግን አለ፤ የታህሳስ 19 የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን። በዚያ ሳምንት የአውቶቡስ ወንበር ለማግኘት ሰው መስኮቱ ላይ ሲማጸን ያመሻል። ለዚያ ሳምንት ብቻ ባቡሩ በየቀኑ በቁርጥ ሰዓት ይነሳ፣ ከለገሃር ለቡ የሚያደርስ፣ ከድሬ ጣቢያም ወደ ቁልቢ የሚያወጣ አውቶቡስ ይመደብ፣ የሦስቱም ወንበር ቁጥር በአንድ ትኬት ላይ ይጻፍ።