አንጀት ከአንጀት ሲጣበቅ፦ ጥያቄና መልስ

ኦፕራሲዮን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ ስለሚመጣው መጣበቅ የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ትርፍ አንጀቴን ካስወጣሁ 3 ሳምንት ሆነኝ። እናቴ «አንጀትህ እንዳይጣበቅ» እያለች በየቀኑ ተልባ ታጠጣኛለች። ይሠራል?

መልስ፦ ለድርቀት ደግ ነው፤ እናትህን አታስቀይም፣ ጠጣ። ግን ተልባው የሚያልፈው በአንጀት ውስጥ ነው። የሚጣበቀው ደግሞ የውጭው ገጽ ነው። ያ ስስ ሽፋን በቢላ፣ በደረቅ ጎዝ ወይም በኢንፌክሽን ሲቆስል፣ በሰዓታት ውስጥ ፋይብሪን የሚባል ሙጫ መሰል ነገር ይለብሳል። ሰውነት ይህን በ3 ቀን ገደማ ካሟሟው ተገላገልክ። ካልሆነ በሳምንት ውስጥ ጠባሳ ይሆናል። ያንተ ጊዜው አልፏል፤ የሆነው ሆኗል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማን ይከላከለው?

መልስ፦ በአብዛኛው ሐኪሙ፣ እዚያው ኦፕራሲዮኑ ላይ። አንጀቱን በርጥብ ጎዝ ይይዛል፣ ደሙን በደንብ ያቆማል፣ ያለ ምክንያት አይነካካም። ጓንቱም ዱቄት የሌለው ይሁን፤ ዱቄቱ ሆድ ውስጥ ቀርቶ ስለሚያስቆጣ ጭምር አሜሪካ በ2017 (እ.ኤ.አ.) አግዳዋለች። ላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራ ኦፕራሲዮን) የሚቻል ከሆነ ጠይቁ፤ መነካካቱ ያንሳል። ሴፕራፊልም የሚባል፣ በአካላት መካከል ተነጥፎ በሳምንት ገደማ የሚሟሟ ስስ ወረቀት መሰል ነገርም አለ። የተሰፋ አንጀት ላይ ግን አይጠቀለልም፤ ስፌቱ ሊያፈስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ማዮማ (የማህፀን እጢ) ካስወጣሁ 2 ዓመቴ። አልትራሳውንዱ ንጹህ ነው፤ ማርገዝ ግን አልቻልኩም።

መልስ፦ አልትራሳውንድ መጣበቅን ብዙ ጊዜ አያሳይም፣ እህቴ። መጣበቁ የማህፀን ቱቦንም ሊዘጋ ስለሚችል፣ ቱቦሽ ክፍት መሆኑን ለማየት በቀለም የሚነሳ የማህፀን ራጅ አለ፤ ስለሱ ሐኪምሽን ጠይቂ። ባልሽም ይመርመር። ይቺን ሁልጊዜ እንዘላታለን።

ጥያቄ፦ ወገሻ ቢያሸኝስ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! የተሰፋ ሆድ አይታሽም። መራመድ ግን ጥሩ ነው፣ በተለይ ደም እንዳይረጋ።

ጥያቄ፦ ከተጣበቀ ለምን ቶሎ አይለያይም?

መልስ፦ መለያየቱም ኦፕራሲዮን ነው፤ አዲስ ጠባሳ ይወልዳል። ብዙ ሰው ተጣብቆበት ሳያውቀው ይኖራል፤ ካላስቸገረ አይነካም። ሆድ እየቆረጠ ከተነፋ፣ ትውከት ካለ፣ ፈስም ሰገራም እምቢ ካለ ግን ምንም ሳትቀምሱ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከኦፕራሲዮኑ 20 ዓመት ቢያልፍም ይመጣል። የድሮውን ስፌት ለሐኪሙ አሳዩት።