ስምንት ወር ተጫውቶ አቻ፦ ጥፋቱ የበርሊን ነው?

«በደብዳቤ ቼዝ (እርምጃው በመልእክት እየተላከ ለወራት በሚካሄደው) ነጭ ሆኜ ስምንት ወር ለፍቼ አቻ ወጣሁ፤ ተጋጣሚዬ የበርሊን መከላከያን፣ ያንን የጥቁሩን የመክፈቻ ስልት፣ ስለመረጠ ይሆን? መክፈቻ ልቀይር?» ብለሃል። ወንድሜ፣ መክፈቻው የድርሻውን አድርጓል፤ ግን ብቻውን አትክሰሰው። በዓለም አቀፉ የደብዳቤ ቼዝ ፌዴሬሽን ውድድር ኮምፒውተር ማማከር የተፈቀደ ነውና ተጋጣሚህ በድካም ይሳሳትልኛል ብለህ መጠበቅ አትችልም።

በርሊን ሲታይ ያታልላል። በ8ኛው እርምጃ ንግሥቶቹ ተለዋውጠው የጥቁሩ ንጉሥ መሃል ሜዳ ይቀራል፣ በሲ ዓምድ ላይም ሁለት ወታደሮች ይደራረቡበታል። አንተ በንጉሡ በኩል አራት ወታደር ለሦስት ይዘሃል። ታዲያ ምን ጎደለ? ጥቁሩ ሁለቱም ጳጳሳት በእጁ ናቸው፣ የሚመታ ደካማ ቦታም በቀላሉ አይገኝበትም። ተፎካካሪው ክራምኒክ እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ ይህን ግድግዳ ሲያቆምበት የዓለም ሻምፒዮኑ ካስፓሮቭ በ15 ጨዋታ አንዱንም ሳያሸንፍ ዘውዱን አስረክቧል።

እኔም ቀምሼዋለሁ። ከብዙ ልፋት በኋላ አንድ ወታደር ብልጫ ይዤ ከግንብ ለግንብ ፍጻሜ ደረስኩ። ተጋጣሚዬ ግንቡን ከራሱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቁሞ ንጉሤን እንዳያልፍ አገደው። አንዲት እርምጃ ላይ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ወታደሬን ወደዚያው ረድፍ ስገፋ፣ ግንቡ ወደ ሰሌዳው ሌላኛው ጫፍ ወርዶ ከኋላ ንጉሤን ያሳድድ ጀመር፤ መሸሸጊያ አልነበረኝም። እስከ ሰባት ጠጠር የሚቀርበት ፍጻሜ ሁሉ በኮምፒውተር ተሰልቶ ስላለቀ፣ አቻ መጠየቅ መብቱ ነበር። ግትርነቴን ታገሠኝ።

በአባቶቻችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ እንዲህ ያለ ክርክር የለም፤ ወረራ በሚባለው መጀመሪያው ላይ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እስከ መጀመሪያው መብላት ድረስ ያንቀሳቅሳሉ፣ መክፈቻን የሚሸመድድ ማን ነው?

በርሊን ደግሞ ከመጣብህ በ4ኛው እርምጃ ከንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር አንድ ቤት ብቻ ግፋ። ድል አያረጋግጥም፤ ንግሥቶቹን ግን ሰሌዳው ላይ ያቆያቸዋል፣ ትግሉም ይረዝማል። ይህን ትቶ በ5ኛው ላይ ግንቡን ወደ ኢ1 ማምጣትን ግን እኔ አልመክርም፤ ሁለቱ ወገኖች እንደ መስታወት ተመሳስለው ይቀራሉ።

ከ20ኛው እስከ 30ኛው ያሉትን እርምጃዎችህን እዚሁ አስፍርልኝ። ፈረስህን በየትኛው ጳጳስ እንደለወጥክ ማየት እፈልጋለሁ፤ የቀሩት ጳጳሳት የሚሄዱባቸው ቤቶች ቀለም ተቃራኒ ከሆነ ጨዋታው በአቻ ያለቀው እዚያ ጋ ነው።