ለልዩ እራት የት እንሂድ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። አንዱ ልጁ ተመርቃለታለች፣ አንዱ የጋብቻ በዓሉን ያከብራል፣ አንዷ የመጀመሪያ ደሞዟን ተቀብላለች። ሁሉም “ደህና ቤት ጠቁመን” ይላል። ተራ በተራ ልመልስ።

ከደብረ ብርሃን፦ ለአምስተኛ ዓመታችን ባለቤቴን አዲስ አበባ ወስጄ እራት ልጋብዛት ወይስ እዚሁ ይሻላል?

እዚሁ ይሻላል። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልሱ 260። ለአንድ እራት ብላችሁ ያን ሁሉ መንገድ በጨለማ ልትመለሱ ነው? አዳር ካላችሁ ሂዱ። ከሌላችሁ ግን ምሽቱ ሰዓት በማየት ያልቃል። የመንዝ በግ ደጃችን ላይ እያለ ጥብስ ፍለጋ ያን ያህል መሄድ አያስፈልግም።

ከደብረ ሲና፦ ከረባት ግድ ነው?

አይደለም። የተተኮሰ ሸሚዝና የተወለወለ ጫማ ይበቃል። ደብረ ብርሃን የምትመጣ ከሆነ ግን ወፍራም ጃኬት ያዝ።

ከዓለም ከተማ፦ የአባታችንን ጡረታ ልናከብር አስበናል። ቀኑ ረቡዕ ላይ ዋለ። ግማሾቻችን እንጾማለን፣ ግማሾቻችን አንጾምም።

ቀኑን ወደ ሐሙስ ግፉት። አባትህ የሚጾሙ ከሆነ በራሳቸው ግብዣ ላይ የሰው ጥብስ እያዩ ሽሮ መብላት የለባቸውም። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ከሆነ ደግሞ ቀን መቀየሩ አይጠቅምም፤ ያኔ ገበታው ሁሉ የጾም ይሁን። ለቤቱ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ የጾሙ ምግብ የሚሠራበት መጥበሻና ማማሰያ ለብቻው ነው ወይ? ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ከመሐል ሜዳ፦ ደብረ ብርሃን ሥራ ይዤ የመጀመሪያ ደሞዜን ተቀበልኩ። እናቴን ከገጠር አስመጥቼ ትልቅ ሆቴል እራት ልጋብዛት እፈልጋለሁ። እሷ ሆቴል ገብታ አታውቅም። ወንድሜ “እዚያ ወስደሽ አታሸማቅቂያት፣ ቤት በግ እንረድላት” ይለኛል።

የወንድምሽ ስጋት እውነት አለው። መፍትሔው ግን መቅረት አይደለም፣ ቤቱን በእሷ ዓይን መምረጥ ነው።

እኔም እናቴን አንድ ጊዜ እንዲህ ጋብዣለሁ። ቤቱ ውብ ነበር። ግን የተቀመጠችበት ሶፋ ስለሚያሰምጥ እግሯ መሬት አልነካም። ጠረጴዛው ዝቅ ያለና ራቅ ያለ ነበር፤ ለመጉረስ መጎንበስ ነበረባት። የእጅ መታጠቢያው ምድር ቤት ነው፣ ደረጃው ብዙ ነው። እሷ አልጠየቀችም። ቀና ስል እጇን በነጠላዋ ጫፍ ቀስ አድርጋ ስትጠርግ አየኋት። ሙዚቃው ከጭንቅላቷ በላይ ይጮኻል። ለየብቻ በሳህን ስለቀረበልን ላጎርሳት እንኳ አልተመቸኝም። ሁለቴ ቀምሳ “ጠገብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ” አለች። ቤት ስንገባ ቆሎ ቆርጥማ ተኛች። ያን ለሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቤቱን የመረጥኩት ለእኔ ዓይን እንጂ ለእሷ እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ፣ እራት በምትበሉበት ሰዓት ለብቻሽ ሂጂ። ሻይ አዝዘሽ ተቀመጪ። ወንበሩ ጀርባ ይደግፋል ወይ? ጠረጴዛው ይደርሳል? ከመቀመጫው እስከ መታጠቢያው ስንት ደረጃ አለ? አስተናጋጁን “ለእናቴ ማስታጠቢያ እዚሁ ታመጡልናላችሁ?” ብለሽ ጠይቂው። ደስ ብሎት እሺ ካለሽ ቤቱ ያ ነው። ካቅማማ ሌላ ፈልጊ፣ የቱንም ያህል መብራቱ ቢያምር።

ከበር ራቅ ያለ ጥግ አስይዢ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ የሚገባው እሷ ላይ ነው። ጋቢዋን ወይም በርኖሷን ደርባ ትምጣ፣ አውልቂ እንዳትያት። ምግቡ ለሁለታችሁ በአንድ ትሪ ይቅረብ። ሰዓቱም ይፍጠን፣ 12 ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ በልማዷ ሦስት ሰዓት የምትተኛ እናት ሦስት ሰዓት ላይ እራት አይጥማትም።

ሜኑ ሰጥተሽ “ምን ትፈልጊያለሽ?” አትበያት። ማንበብ ብትችል ዋጋውን አይታ ርካሹን ትመርጣለች። ባትችል ደግሞ ትሳቀቃለች። የምትወደውን አንቺ ታውቂያለሽ፣ አስቀድመሽ እዘዢ። ሂሳቡንም ጠረጴዛ ላይ አታስመጪ፣ እጅሽን ልትታጠቢ ስትነሺ ካሸሯ ጋ ሄደሽ ክፈዪ። ከበላች በኋላ መመረቋ አይቀርም። ያኔ ሙዚቃውን እንዲቀንሱልሽ ከወዲሁ ንገሪያቸው።

ለወንድምሽም ንገሪው። በጉ ለፋሲካ ይደርሳል። እሱም ይምጣ፣ በሌላው ጎኗ ይቀመጥ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ከሜኑ ላይ ደምረን 2,000 ብር ያዘዝነው ሂሳቡ 2,530 ሆኖ መጣ። ተበላን?

ምናልባት አልተበላችሁም። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ 200 ብር ነው፣ 2,200 ሆነ። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት 330 ብር ነው፣ 2,530። ሜኑው ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል “ዋጋው ቫትና ሰርቪስ አይጨምርም” የሚል ነገር ይኖራል። ከማዘዛችሁ በፊት እሱን ፈልጉ። ግርጌው ላይ ካልተጻፈ ወይም የማሽን ደረሰኝ ካልሰጧችሁ ግን መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ አትፈሩ።

ከደብረ ብርሃን፦ 12 ሆነን ሄደን አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ይህ የትልቅ ቤት ወግ ነው?

ደውላችሁ ነበር? ጥያቄህ ላይ የለም። ድንገት ደርሶ ለ12 ሰው ዶሮ ወጥ “ቶሎ አምጡ” አይባልም፣ ሽንኩርቱ ብቻ ስንት ሰዓት ይቁላላል። ከተማችን ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የሚቀቀል ሁሉ ከቆላው ይልቅ ይዘገያል። ከአምስት ሰው በላይ ከሆናችሁ ከአንድ ቀን በፊት እዘዙ።

ከአረርቲ፦ ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ክትፎ አምሯታል። ቤቱ ንጹሕና ውድ ከሆነ ጥሬውን ብትበላ ችግር አለው?

አለው። እባክህ አይሆንም። የቤቱ ውድነት ሥጋው ውስጥ ያለውን አይለውጥም። በጥሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ ብቻ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ አለ፤ ነፍሰ ጡር በእርግዝናዋ ጊዜ ከያዛት ወደ ፅንሱ አልፎ ዓይኑንና አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል። ለብለቡም ያው ነው፣ መሐሉ ቀይ እንደሆነ ይቀራል። አምሮቷን አትንፈጋት፣ በደንብ አብስለው እንዲያመጡላት እዘዝ። ሲመጣ መሐሉን ገለጥ አድርገህ እይ። ቀይ ካየህ መልሰው፣ አትፈር።

በዚህ እርግዝና ጥሬ በልታ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮዋን አትጠብቁ። ነገ ጠዋት ክትትል ወደምታደርግበት ጤና ጣቢያ ሄዳ ለአዋላጇ ወይም ለሐኪሙ ትንገር። የኮሶ መድኃኒትም ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ።

ከደብረ ብርሃን፦ ለጓደኛዬ አንኮበር ላይ፣ ቤተ መንግሥቱ በነበረበት ኮረብታ ባለው ሎጅ ቀለበት ላደርግላት አስቤያለሁ። ምን ትላለህ?

ጥሩ መርጠሃል። ቦታው የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ነው፣ ቁልቁል ቆላው ድረስ ይታያል። ግን ለእራት ሳይሆን ለምሳ ውሰዳት፤ ያ እይታ በጨለማ የለም። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ከመነሳትህ በፊት ደውለህ ምግብ መኖሩን አረጋግጥ፣ የመንገዱንም ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ጠይቅ። ሽቅብ የሚወጣ ስላለ ታኮ ጫማ እንዳታደርግ ሰበብ ፈልገህ ንገራት።

ከደብረ ሲና፦ ኬክ ከውጭ ይዘን መግባት እንችላለን?

ደውላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ቤት ያስከፍላል። ቢላዋና ሳህን እነሱ ይስጧችሁ።