የደብረ ብርሃን ብርድና የመብራት ቢል

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። «ክረምቱን ብዙም ያልከበደኝ ቢል ከኅዳር ወዲህ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የጨመርኩት አንዲት ትንሽ ሂተር ብቻ ነው፤ እሷንም ማታ ማታ ብቻ ነው የምናበራት። ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆን?» ይላሉ ጠያቂዋ።

እህቴ፣ ቆጣሪውን ከመጠርጠርዎ በፊት የሁለቱን ወር ቢል ያውጡ። ብሩን ይተዉትና የኪሎዋት ሰዓቱን ቁጥር፣ ማለትም የተጠቀሙትን የኃይል መጠን፣ ያስተያዩ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ እንዲሄድ ተወስኗል። ስለዚህ ፍጆታዎ ባይነቃነቅም ብሩ ይጨምራል። በዚያ ላይ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ በወር 50፣ 100፣ 200፣ 300 ኪሎዋት ሰዓት እያለ ይወጣል። ላይኛው እርከን ላይ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይወደዳል። ፍጆታው በግማሽ ጨምሮ ክፍያው እጥፍ ቢሆን አይግረምዎ።

ኪሎዋት ሰዓቱም ከጨመረ ወደ ሂተሯ እንምጣ። ትንሽ ናት ብለዋል። ጀርባዋን ያንብቡ፤ 2000 ዋት የሚል ከሆነ ትንሽነቷ ቁመቷ ላይ ብቻ ነው። በቀን 4 ሰዓት ብትሠራ 8 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 240 ትበላለች። ሰው ሁሉ የሚፈራው የእንጀራ ምጣድ፣ 3500 ዋት ቢሆንና በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጣድበት፣ በወር 60 ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱን ክፍል ብቻ ያሙቁ፣ የበሩን ሥር ይድፈኑ፣ ጋቢም ይደርቡ። ሂተር ተወደደ ብለው ግን ከሰል አስገብተው በር እንዳይዘጉ! ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ቦይለር ካለዎት እሱም ተጠርጣሪ ነው። በውርጭ ሰሞን የቧንቧው ውሃ ራሱ ጣት ያደነዝዛል። 50 ሊትር ውሃ ከ10 ዲግሪ ወደ 50 ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከ18 ቢነሣ 1.9 ይበቃው ነበር። ከዚህ የሚብሰው ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ማደሩ ነው። ሙቀቱ በብርዱ ቤት ያመልጣል፣ ቴርሞስታቱም ደጋግሞ ያስነሣዋል። ሊታጠቡ ሲሉ ያብሩት፣ ሲበቃዎ ያጥፉት።

አሁንም ልብዎ ቆጣሪው ላይ ከሆነ፣ ብሬከሮቹን ሁሉ ያውርዱና የቆጣሪውን ቀይ መብራት ይዩ። ብልጭታው ካላቆመ ወይ ቆጣሪው ችግር አለበት፣ ወይ ከብሬከሩ በፊት የተቀጠለ መስመር አለ። ተከራይ ባለበት ግቢ ሁለተኛው ብርቅ አይደለም። ካቆመ ደግሞ ሂተሯን ብቻ ያብሩና ብልጭታውን ይቁጠሩ። ቆጣሪው ላይ በኪሎዋት ሰዓት 1000 የሚል ከተጻፈ፣ 2000 ዋት በደቂቃ 33 ጊዜ ያህል ብልጭ ያደርገዋል። ቮልቴጅ ሲወርድ ትንሽ ይቀንሳል። ከ33 በጣም ከበለጠ ቁጥሩን ጽፈው ለአገልግሎት ማዕከሉ ያመልክቱ። የቆጣሪውን ፕሎምፕ (የታሸገበትን ማኅተም) ግን እርስዎም ሆኑ ሠፈር ውስጥ ያለ ኤሌክትሪሺያን እንዳትነኩት።