የልብ ምት የሚሰማ ራዳር እና የአባትህ ባንክ

ከሳውላ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ሌላው አንባቢም እንዲገባው በአጭሩ ላስቀምጠው። የአምስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነህ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ገዜ ጎፋ ላይ ናዳው ሲወርድ አጎትህ ሰው ሊያወጣ ሮጠ፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ከፍርስራሽ ሥር የሰው ልብ ምት የሚያገኝ ራዳር ካልሠራሁ ብለህ ተነስተሃል። አባትህ «ባንክ ግባ» ይላሉ። ያስተማረችህ ኩዌት ያለችው እህትህ ናት። ጂፒኤህ 2.8 ነው። ላፕቶፕ መግዛትና ውጭ አገር ማስተርስ መማርም አስበሃል። «በዚህ አገር እንዲህ ያለ ሥራ አለ ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል።

በዚህ ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። ከዚያ በፊት ግን መሣሪያው ራሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደብዳቤህን ያስቀመጥኩት እሱ እየከነከነኝ ነው።

የምትመኘው ነገር አለ። ናሳና የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አብረው የሠሩት ነው፤ ፋይንደር ይባላል። ሻንጣ የሚያህል ነገር ነው። ደካማ የማይክሮዌቭ ሞገድ ወደ ፍርስራሹ ይልካል። ሰው ሲተነፍስና ልቡ ሲመታ ደረቱ በጥቂቱ ይነቃነቃል፤ ያቺ ንቅናቄ ተመላሹ ሞገድ ላይ ምልክት ትተዋለች። በ2015 እ.ኤ.አ. ኔፓል በርዕደ መሬት ስትመታ ቻውታራ የምትባል ከተማ ውስጥ አራት ወንዶች በዚህ መሣሪያ ተገኝተዋል። እስከ ሦስት ሜትር የሚደርስ ጡብ፣ ጭቃና እንጨት ተጭኗቸው ነበር።

አሁን ልጨክንብህ ነው። ይህ መሣሪያ የዚያን ቀን ጎፋ ቢኖር አጎትህን የሚያተርፈው አይመስለኝም። የፈረሰ ሕንፃ ክፍተት ይተዋል። ሰው ጠረጴዛ ሥር ወይም ደረጃ ጥግ አየር አግኝቶ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ርጥብ አፈር እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም፤ ትንፋሽ በደቂቃዎች ያሳጣል። የራዳሩንም ሞገድ ርጥብ ሸክላ አፈር ይውጠዋል።

የሆነውን ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። የመጀመሪያው ናዳ ጥቂት ቤተሰብ ቀበረ። ጎረቤቱ አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ሊቆፍር ደረሰ። ሁለተኛው የወረደው እነሱ ላይ ነው። ያን ቀን ካለቀው ከ200 በላይ ሰው ብዙው እንደ አጎትህ ሊያድን የሄደ ነው። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲቆፍር ከበላዩ ያለውን ተዳፋት የሚያይለት አልነበረም።

የሠለጠኑ የነፍስ አድን ቡድኖች ይህን በፊሽካ ይሠሩታል። በዓለም አቀፉ አሠራር አንድ ረጅም ፊሽካ «ሥራ አቁሙ፣ ጸጥ በሉ» ማለት ነው። ቱርክ ላይ በ2023 እ.ኤ.አ. ጄኔሬተር ሳይቀር እየጠፋ ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጥ አይተህ ይሆናል። ሦስት አጫጭር ፊሽካ ደግሞ «ውጡ!» ነው። ያን የሚነፋ ሰው ቁፋሮ አይነካም፤ ሥራው ቆሞ ማየት ብቻ ነው።

እናም የመመረቂያ ፕሮጀክትህን ቀይረው። ራዳሩን ለጊዜው ተወውና ያንን ፊሽካ ነፊ የሚተካ መሣሪያ ሥራ። ተዳፋቱ ላይ ስንጥቅ ሲታይ ከግራና ከቀኝ ሁለት ካስማ ትተክላለህ፤ በመሃላቸው ሽቦ ትወጥራለህ። ስንጥቁ ሲሰፋ ሽቦው ማብሪያውን ይስባል፣ ሳይረኑ ይጮኻል። ነገሩ የቆየና የተፈተነ ነው፤ ለአንድ ሴሚስተር የሚሆን በጀትም አይፈጅም። ክረምት ላይ አገርህ ግባና ትከለው። ላም ሲረግጠው፣ ሕፃናት ሽቦውን ሲወስዱት፣ ባትሪው በጭጋግ ሲደክም እየው። ሲቪህ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው።

ሥራውን በተመለከተ የምነግርህ ከራሴ ነው። ምክር ሰጪ ከመሆኔ በፊት ዘጠኝ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ። የገባሁ ሰሞን አንድ ኢሲጂ (የልብ መመርመሪያ ማሽን) የልብ ምቱን መስመር እንደ ተንጨባረረ ፀጉር አድርጎ ያወጣል። ነርሷ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብላ ጨርቅ አልብሳዋለች። ቦርዱን ፈትቼ ግማሽ ቀን ለፋሁበት። በኋላ አንድ አዛውንት ቴክኒሻን መጥተው የግድግዳውን ፍሎረሰንት አጠፉ፤ የደረቀውን የደረት ኤሌክትሮድ በአዲስ ቀየሩ። መስመሩ ጠራ። ለካ ጣጣው የ50 ኸርዝ የመብራት ጣልቃ ገብነት ነበር። ፍርስራሽ ላይ የቆመ ራዳርም ፈተናው ይኸው ነው፤ ከጫጫታ መሃል ልብ መለየት፣ ያውም ከላይ የቆሙት የራሳቸው ልብ ጭምር እየመታ።

ስለዚህ ስትመረቅ ጠጋኝ ሆነህ ጀምር። ሆስፒታል ይሁን፣ የርዕደ መሬት መመዝገቢያ ጣቢያ ይሁን፣ መሬት ሳይቆፈር ውስጡን የሚለካ የግንባታ ድርጅት ይሁን፣ ግድ የለም። ከውጭ በእርዳታ መጥቶ ቻርጀር በማጣት ብቻ አቧራ የጠጣ ስንት መሣሪያ በዓይኔ አይቻለሁ! ፋይንደር ነገ አዲስ አበባ ቢገባ የመጀመሪያው ጭንቀት ማን አንቀሳቅሶ ማን ይጠግነዋል ነው።

አባትህ ባንክ የሚሉት ለስሙም ጭምር ነው። ልጄ ባንክ ነው ማለት ለቅሶ ቤት ሲጠየቁ ይመቻል። ክፋት የለውም፤ ግን የሚሠራው አንተ ነህ። ሦስት ዓመት ካውንተር ላይ ብር ቆጥሮ ወደ ሙያው ሊመለስ ሲል መልቲሜትር መያዝ የፈራ ምሩቅ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ያውቃል። ላንተም ይህን አልመኝም። አባትህን አክብረህ «አይሆንም» በላቸው። የመጀመሪያ ደሞዝህ ላይ ቀንሰህ ስጣቸው፤ ከክርክር ይልቅ ያ ይሰማል።

እህትህን ግን ለውጭ ማስተርስ ሳንቲም እንዳትጠይቃት። ሰው ቤት ሠርታ አምስት ዓመት አስተምራሃለች፤ አሁን ተራው የእሷ ነው። ስኮላርሺፕ ካገኘህ ሂድ፣ ካላገኘህ ቆይ።

2.8 ለጥገና ሥራ በር አይዘጋም። ላፕቶፑንም አሁን አትግዛ። ለሽቦውና ለሳይረኑ የዲፓርትመንትህ ላብራቶሪ ይበቃሃል። ፕሮፖዛሉን ስትጽፍ ላክልኝ፤ ባትሪውን የት እንደምታስቀምጠው መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።