የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ እየዞሩ ለመበየድ ምን ዕቃ ይገዛል?

ወርክሾፕ ሳይከፍቱ ሥራው ያለበት ድረስ ሄደው ለመበየድ ያሰቡ አንባቢዎች ብዙ ጥያቄ ልከውልናል። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ማሽኑ ነው። መልሳችን ግን ደጋግሞ ወደ ኃይል ምንጩ ይመለሳል፤ ገንዘብ የሚባክነውም እዚያው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ 200 አምፔር ኢንቨርተር (ቀለል ያለ የኤሌክትሪክ ብየዳ ማሽን) ልገዛ ነው። መብራት ያልገባበት ግንባታ ላይ ስለምሠራ ጀነሬተርም ያስፈልገኛል። ሻጩ «3 ኪሎዋት ይበቃሃል» ይለኛል። ልመነው?

መልስ፦ አይመኑት፤ ስሌቱን ራስዎ ይሥሩት። የዘወትር ኤሌክትሮድዎ 3.2 ሚ.ሜ ከሆነ 120 አምፔር አካባቢ ይፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ የአርኩ (በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል የሚነደው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ቮልቴጅ 25 ያህል ነው። 120 በ25 ሲባዛ 3,000 ዋት ይሆናል። ይህ ኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ብቻ ነው። ማሽኑ ራሱ 15 በመቶ ያህል በሙቀት ስለሚያባክን ከጀነሬተሩ 3,500 ዋት ይስባል። የተራ ኢንቨርተር ፓወር ፋክተር (ከጀነሬተሩ ሸክም ውስጥ በትክክል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) ደግሞ 0.7 አካባቢ በመሆኑ ጀነሬተሩ ላይ የሚያርፈው ሙሉ ሸክም፣ በኬቪኤ የሚለካው ማለት ነው፣ 5 ኬቪኤ ይደርሳል። ማሽኑን እስከ 200 አምፔር ድረስ ልጠቀምበት ካሉ በዚሁ ስሌት ከ9 ኬቪኤ በላይ ያስፈልግዎታል። ለ2.5 እና ለ3.2 ሚ.ሜ ኤሌክትሮድ ሳያቋርጥ 6 ኬቪኤ የሚሰጥ ጀነሬተር ጥሩ መነሻ ነው።

«ሳያቋርጥ» ያልነው በምክንያት ነው። ጀነሬተር ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ አንዱ ለአፍታ ብቻ የሚችለው ከፍተኛ ጉልበት ነው፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው የመጀመሪያው ነው፤ እርስዎ ግን በሁለተኛው ይግዙ። የቦታው ከፍታም ጉልበቱን ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 2,400 ሜትር ላይ የሚሠራ ሰው ከሩብ በላይ አጥቷል ማለት ነው፤ የገዛው 6 ኬቪኤ ወደ 4.3 ወርዷል።

ጀነሬተሩ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ (ኤቪአር) ያለው ይሁን። ኤሌክትሮዱ ከብረቱ በተላቀቀ ቁጥር ሸክሙ በድንገት ስለሚወርድ ቮልቴጁ ይዘላል፤ ይህ ዝላይ ነው የኢንቨርተሩን ቦርድ የሚያቃጥለው። ስለዚህ ጀነሬተሩን አስነስተው ጥቂት ደቂቃ ካሞቁት በኋላ ማሽኑን ያብሩ። ሲጨርሱም መጀመሪያ ማሽኑን፣ ከዚያ ጀነሬተሩን ያጥፉ። ነዳጅ አልቆ በራሱ እንዲጠፋ መተው ቦርዱን በቁማር ማስያዝ ነው።

ጥያቄ፦ ማሽኔ ላይ 200 ተብሎ ተጽፏል። በ4 ሚ.ሜ ኤሌክትሮድ ጥቂት እንደበየድኩ ቢጫ መብራት አብርቶ ያቆማል። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ በከፊል። ከኋላ ወይም ከሥር የተለጠፈውን የመረጃ ሰሌዳ ያንብቡ። ከ200 አምፔር ሥር 20 በመቶ የሚል ካለ ማሽኑ ከ10 ደቂቃ ውስጥ በዚያ አምፔር የሚሠራው 2 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቀሪውን 8 ደቂቃ ይቀዘቅዛል። ዱቲ ሳይክል የሚሉት ይህንን ነው። ማሽን ሲመርጡ ማየት ያለብዎት በ60 በመቶ ላይ የተጻፈውን አምፔር ነው። ቢጫው መብራት ሲበራ ማሽኑን አያጥፉት፤ ማራገቢያው እየዞረ ያቀዝቅዘው።

አምፔሩ በቂ ሆኖ ቶሎ ቶሎ የሚሞቅ ከሆነ ውስጡ የብረት ብናኝ ሳይኖር አይቀርም። ግራይንደር አጠገብ የተቀመጠ ኢንቨርተር ብናኙን በማራገቢያው ይስባል፤ ብናኙ ደግሞ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው። ማሽኑን ቢያንስ ጥቂት ሜትሮች ያርቁት፤ በየጊዜውም ከሶኬት ነቅለው፣ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ ጠብቀው በደረቅና ለስላሳ አየር ያስነፉት።

ጥያቄ፦ ፎቅ ላይ ለመበየድ 30 ሜትር የብየዳ ኬብል ልግዛ ወይስ ማሽኑን ይዤ ልውጣ?

መልስ፦ ይዘው ይውጡ። የኢንቨርተር ትልቁ ጥቅም ቀላልነቱ ነው። 25 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ኬብል 30 ሜትር ሄዶ 30 ሜትር ሲመለስ በ120 አምፔር 5 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። አርኩ የሚፈልገው 25 ቮልት ስለሆነ አምስተኛው ያህል ማለት ነው። ማሽኑ ይህን ለማካካስ ከጀነሬተሩ 700 ዋት ያህል ተጨማሪ ይስባል፤ ጀነሬተሩ ይህን ያህል ትርፍ ጉልበት ከሌለው ኤሌክትሮዱ መጣበቅ ይጀምራል። በ220 ቮልት በኩል ግን 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 30 ሜትር ቢዘረጉ የሚጠፋው ከ3 በመቶ በታች ነው። ገመዱን ከጥቅልሉ ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፤ እንደተጠቀለለ ከሠሩበት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሽፋኑን ያቀልጠዋል።

ኬብል ሲገዙ ከጫፉ አንዷን ክር በቢላ ይፋቁ። ውስጧ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ለተመሳሳይ ውፍረት የሚያስተላልፈው ያነሰ ነው፣ ጫፉም ላይ ቶሎ ይሞቃል። የኧርዝ መቆንጠጫውን ዝገትና ቀለም በተፋቀ ብረት ላይ፣ ለብየዳው በቅርብ ይሰኩ። በኩሽኔታ ውስጥ አልፎ እንዲመለስ ካደረጉት ኩሽኔታው ይበላሻል። ተሽከርካሪ ላይ ሲሠሩ ደግሞ አስቀድመው ባትሪውን ይፍቱ።

ጥያቄ፦ ሚግ (ሽቦ እየመገበ በመከላከያ ጋዝ የሚበይድ ማሽን) ይሻላል ይሉኛል። ኤሌክትሮዱስ 6013 የሚባለው ዓይነት ይሁን ወይስ 7018?

መልስ፦ የጋዝ ሚግ ለውጭ ሥራ አይሆንም። በሰከንድ 2 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ ፊት ላይ ገና የሚሰማው ማለት ነው፣ መከላከያ ጋዙን ይበትነዋል፤ ብየዳውም ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። በኤሌክትሮድ ይጀምሩ።

ለበር፣ ለመስኮት፣ ለአጥርና ለቱቦላሬ 6013 ይበቃል፤ አርኩ በቀላሉ ይነሳል፣ ስስ ብረትም አይበሳም። ክብደት ለሚሸከም ብረትና ለወፍራም ላሜራ 7018 ይያዙ፤ እሱ ግን እርጥበት አይወድም። ሽፋኑ የሳበው ውሃ በአርኩ ሙቀት ሃይድሮጅን ይሆንና ብየዳው ውስጥ ይገባል፤ ስንጥቁ ከሰዓታት በኋላ፣ እርስዎ ሂሳብ ተቀብለው ከሄዱ በኋላ ሊመጣ ይችላል። ለቀኑ የሚበቃዎትን ብቻ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ይዘው ይውጡ። እርጥበት የነካውን ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ምድጃ ለአንድ ሰዓት ያህል ያድርቁት። ፀሐይ ላይ ማስጣት አያደርቀውም።

ጥያቄ፦ ለመቁረጫ ኦክስጅንና አሴቲሊን ልግዛ?

መልስ፦ ለጅምሩ ይቅር። አንድ 125 እና አንድ 230 ሚ.ሜ ግራይንደር አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናሉ። ትልቁን ዲስክ መከላከያውን አውልቀው በትንሹ ግራይንደር ላይ የሚያስሩ አሉ። የ230 ዲስክ ገደብ በደቂቃ 6,600 ዙር ገደማ ነው፤ ትንሹ ግራይንደር 11,000 ይዞራል። የተሰባበረ ዲስክ የት እንደሚሄድ መገመት አያቅትዎትም።

ጋዝ የግድ ካስፈለገ ሲሊንደሮቹ ቆመው፣ ታስረው፣ በክፍት መኪና ይጓዙ። ወደ ኋላ የሚመለስ እሳት ማገጃ በሁለቱም መስመር ላይ ይግጠሙ፤ አሴቲሊንን ከ1 ባር በላይ አያስኬዱ፣ ከዚያ በላይ በራሱ ሊፈነዳ ይችላልና።

ጥያቄ፦ የነዳጅ በርሜል ለመበየድ ደንበኛ ቢጠይቀኝስ? ባዶ ከሆነ ችግር አለው?

መልስ፦ ባዶው ነው የሚያስፈራው። የሚፈነዳው ከአየር ጋር የተቀላቀለው የነዳጅ ትነት ነው፤ በባዶ በርሜል ውስጥ ደግሞ የሚቀረው እሱ ነው። በውሃ ማለቅለቅ በስፌቱ ውስጥ የተደበቀውን አያወጣም። በእንፋሎት ማጽጃና በጋዝ መለኪያ ያልተረጋገጠ በርሜል አይንኩ፤ ሥራውን ይመልሱት።